ጭስ የራሱን መንገድ ሲያገኝ

ከቦስተን ተነሥታችሁ ወደ ምዕራብ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ ዉስተር የምትባል ከተማ ታገኛላችሁ። በሰሜን አሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የምትገኝ፣ በሰባት ኮረብቶች ላይ ተቆረቆረች የሚሏት ከተማ ናት። ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤቶቿ በየኮረብታው ጎን እንደ ደረጃ ተደርድረዋል። በመኪና ወደ ከተማዋ ስገባ ዓይኔን የሳቡት ጣራዎቿ ነበሩ። በእያንዳንዱ ጣራ ላይ ማለት ይቻላል፣ ከቀይ ጡብ የተገነባ ጭስ ማውጫ ቆሟል። ወሩ ኅዳር፣ ብርዱም አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነበር። ይሁንና ከአብዛኞቹ ጭስ ማውጫዎች አንዳችም ጭስ አይታይም።

«ይህ ሁሉ የተሠራው ለጌጥ ነው እንዴ?» ብዬ ታናሽ እህቴን ጠየቅኋት።

«ቤት ስትገቢ ታዪዋለሽ፤ የእኛም እንደዚሁ ነው» አለችኝ።

ወደዚያች ከተማ የወሰደኝ የአራስ ጥየቃ ነው። እህቴ ወንድ ልጅ ከተገላገለች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። እናታችን ከደብረ ብርሃን ከእኔ ቀድማ ሄዳ ገንፎውን እያገነፋች፣ ሕፃኑን እያጠበች አራሷን ትንከባከብ ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ በእህቴ ሳሎን ስላየሁት ምድጃና ስለ ጭስ ማውጫው ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ቢመስልም መድረሻው የየራሳችን ማጀት ነውና አብራችሁኝ ዝለቁ።

ከፊት መንደድ፣ ከኋላ መንዘፍዘፍ

የእህቴ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ የተሠራ የእንጨት ቤት ነው። (ስለዚያ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቤቱን የሚያሞቀው በምድር ቤቱ የተተከለ፣ በነዳጅ የሚሠራ የውሃ ማፍያ ነው። በሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተገነባ፣ አፉን የከፈተ የጡብ ምድጃ አለ። ላዩ ላይ ፎቶግራፎችና የአበባ ማስቀመጫ ተደርድረውበታል። በመጀመሪያው ክረምት የእህቴ ባለቤት እንጨት ገዝቶ አነደደበት። ነገር ግን ከምድጃው ፊት የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ሲለበለብ ጀርባው ይንዘፈዘፋል፤ የኋላ ክፍሎቹም ጭራሽ ከቀድሞው ይልቅ ቀዘቀዙ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የተከፈተ ምድጃ ሲነድ በቤቱ ውስጥ የሞቀውን አየር እየሳበ በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይልከዋል። በምትኩ የውጭው ብርድ በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ከእንጨቱ ሙቀት ለቤቱ የሚተርፈው ከመቶ 10 እጅ ያህል ብቻ ነው። እሳቱ ከጠፋም በኋላ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ሙቀቱን ሲጎትት ያድራል። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ጭስ ማውጫዎች ሥራ ፈት ሆነው የሚታዩት።

በሌላ በኩል ያለ እሳት መኖርም አስጊ ነው። ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት አሮጊት በታኅሣሥ 2008 የወረደውን የበረዶ ዝናብ አይረሱትም። በረዶው ዛፉንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሰባብሮ ያን አካባቢ ለቀናት ጨለማ አደረገው። ነዳጅ በበርሜል ሙሉ ቢኖርም ማፍያው ያለ ኤሌክትሪክ አይነሣም። «ካፖርት ለብሰን፣ ከዚህ ከክፍቱ ምድጃ ፊት ተኝተን፣ ያን ሁሉ እንጨት ፈጅተን አልሞቀንም» አሉኝ። የእህቴ ባለቤት ሕፃን በቤቱ ሲመጣ ያሰበው ይህንኑ ነው። በአሮጌው የጡብ ምድጃ ሆድ ውስጥ የሚገባ፣ ባለ መስታወት በር የብረት ምድጃ ለማስገጠም ቀጠሮ ያዘ።

የኅዳር ሚካኤል ቡና

ቀኑ ሳይደርስ ግን አንድ ነገር ሆነ።

ኅዳር 12 ቀን፣ በአገራችን «ኅዳር ሲታጠን» የሚባልበት ዕለት ነበር። በዚያን ቀን ቡና ሳይፈላ መዋል ለእናቴ አይሆንላትም። ጀበናዋንና ትንሿን የከሰል ማንደጃ ከደብረ ብርሃን ድረስ ይዛ መጥታለች። ለሥጋ መጥበሻ የሚሸጠውን ከሰል በበረንዳ ላይ አቀጣጥላ፣ አርገብግባ፣ ጭሱ ድራሹ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ ወደ ሳሎን አስገባችው። ሕፃኑ እንዳይበርደው በሩም መስኮቱም ጥርቅም ተደርጎ ተዘጋ። ቡናው ተቆላ፤ ዕጣኑ ጨሰ፤ ቤቱ የደብረ ብርሃኑን ቤታችንን መሰለ።

ሁለተኛው ሲቀዳ ራሴን ከበድ አለኝ። የመንገድ ድካም መሰለኝ። እህቴም ሕፃኑን ታቅፋ ግንባሯን እየያዘች «እንቅልፍ አልጠገብኩም» አለች። በዚህ መካከል በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች አንዲት ትንሽ ነጭ ሣጥን ጆሮ የሚበሳ ጩኸት አሰማች። የእህቴ ባለቤት ከላይኛው ፎቅ እየሮጠ ወርዶ ሕፃኑን ነጥቆ «ሁላችሁም ውጡ!» አለ። በነጠላ ብርዱ ላይ ቆምን።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብዙም ሳይቆዩ ደረሱ። አየሩን በመሣሪያ ለኩ፤ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈቱ፤ ማንደጃውን ደጅ አወጡ። አራሷና ሕፃኑ ሆስፒታል ተወስደው ታዩ፤ ደግነቱ ደህና ነበሩ። እናቴ የሚያስሯት መስሏት እጇን አጣምራ ቆማ፣ «እማማ፣ አይዞዎት» ሲላት አማችዋን ቀና ብላ አየችውና «ጭሱን እኮ ደጅ ጨርሼው ነው ያስገባሁት! ፍም ብቻ ነው!» አለች።

ውድ አንባቢያን፤ ስሕተቱ ያለው ከዚህ ላይ ነው። አብዛኞቻችን ከሰል የሚጎዳው ሲጨስ ብቻ ይመስለናል። የሚገድለው አየር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል፣ አያስል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ከጠፋ በኋላም ከማንደጃው ይወጣል። በሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ሲገባ ደማችንን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ሰውነት አየር እያለ አየር ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ቀጥሎም እንቅልፍ ያመጣል። ተኝቶ የነበረ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ ይብሳል።

ነጯም ሣጥን በየቤቱ የተሰቀለችው በሐዘን ምክንያት ነው። በ2005 በዚያው ግዛት ፕሊማውዝ በምትባል ከተማ በረዶ ተከምሮ የአንድ ቤት ማሞቂያ የጭስ መውጫ ደፈነ። ጭሱም ወደ ቤት ተመልሶ ኒኮል ጋሮፋሎ የተባለች የ7 ዓመት ልጅ ገደለ። ግዛቲቱም በየመኖሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲገጠም የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ሕጉ በልጅቷ ስም «የኒኮል ሕግ» ተብሎ ይጠራል።

የዚያን ምሽት እናቴ እራት አልበላችም። ቆይታ ቆይታ «እነዚያ ልጆች» አለች። ከብዙ ዓመት በፊት በጎረቤታችን ግቢ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ሁለት ወጣት እህትማማቾች ጠዋት በሩ ሲሰበር ሞተው ተገኝተው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ጋኔን ነው አለ። «እኔ ነኝ የገነዝኳቸው። ማንደጃው ከአልጋቸው አጠገብ ነበረ። በውስጡ አመድ ብቻ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም» አለች።

በማግሥቱ አማችዋን ጠርታ በግልጽ ነገረችው። «እንግዲህ ሕፃን ባለበት ቤት ሌላ እሳት አይግባ። ያን የብረት ምድጃህን መልሰው።»

እሳትን ሲመክሩ የኖሩ ሰዎች

እናቴን ለማጽናናት ብለን በሳምንቱ መጨረሻ ኦልድ ስተርብሪጅ ቪሌጅ ወደሚባል ስፍራ ይዘናት ሄድን። ከዉስተር በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ፣ በ1946 ለሕዝብ የተከፈተ፣ የ1830ዎቹን የገጠር ኑሮ የሚያሳይ የመንደር ሙዚየም ነው። ያረጁ ቤቶች ከየቦታው ተሰብስበው ተተክለውበታል። ሠራተኞቹም የጥንቱን ልብስ ለብሰው የጥንቱን ሥራ ይሠራሉ። በአንደኛው ቤት ማድ ቤት ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ሊገባበት በሚችል ትልቅ ምድጃ ላይ ድስት አንጠልጥላ ታበስላለች። እናቴ ገና ስታያት «ይቺንስ አውቃታለሁ» ብላ ሳቀች። ጭሱ ወደ ላይ ሲሄድ እያየችም ለረጅም ጊዜ ቆመች።

ማሳቹሴትስ ስለ ምድጃ ብዙ ያሰቡ ሁለት ሰዎች የተወለዱባት ምድር ናት። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1706 በቦስተን ተወለደ። በኋላ በፊላደልፊያ ሲኖር በ1740ዎቹ መጀመሪያ ሙቀቱን ለቤቱ የሚያስቀር የብረት ምድጃ ፈለሰፈ፤ የባለቤትነት መብት ቢሰጠውም አልቀበልም አለ። ሆኖም ጭሱ ወርዶ ተመልሶ እንዲወጣ ስላስገደደው የመጀመሪያው ምድጃ በደንብ አይስብም ነበር። ቤንጃሚን ቶምፕሰን ደግሞ በ1753 በወበርን ተወልዶ በአውሮፓ «ካውንት ራምፎርድ» ለመባል የበቃ ሰው ነው። በ1790ዎቹ የምድጃውን ሆድ ጠባብና ጥልቀት የሌለው፣ ጉሮሮውንም ቀጭን አድርጎ ጭስ ያፍናቸው የነበሩ የለንደን ቤቶችን አስተነፈሰ። የሁለቱም ድካም የሚያስተምረን አንድ ነው፤ የምድጃ ነገር የሚወሰነው በጭሱ መንገድ ነው።

ይህ ትምህርት በ1970ዎቹ እንደገና ተረስቶ ነበር። በ1973 ነዳጅ ሲወደድ የዚያ አገር ሰዎች ወደ እንጨት ተመለሱ። የብረት ምድጃ እየገዙ በአሮጌው የጡብ ምድጃ ውስጥ ገፍተው ብቻ አስቀመጡት፤ ከጭስ ማውጫው ጋር በቱቦ አላገናኙትም። የተከተለውን አሁን ከጠራጊዋ አፍ ትሰሙታላችሁ።

«ጭሱ የት ይሄዳል?»

ጭስ ማውጫ ጠራጊዋ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ፊቷ ብርድ ያጠቆረው ሴት ናት። ይህን ሥራ ሴት ስትመራው ሳይ ደስ አለኝ። አስቀድማ መጥታ ካሜራ በገመድ አስራ በጭስ ማውጫው አውርዳ ነበር። ውስጡን የሸፈነው የሸክላ ንጣፍ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ግድግዳው ላይም ጥቁር የሚያብለጨልጭ ጥቀርሻ ተጋግሯል።

እናቴ በእህቴ አስተርጓሚነት ፊት ለፊት ጠየቀቻት። «ልጄ፣ ጭሱ የት ይሄዳል?»

ሴትዮዋ አልተቻኮለችም። ወረቀት አውጥታ ሥዕል ሣለችላት። አሮጌው ጭስ ማውጫ ለትልቅ ክፍት እሳት የተሠራ ሰፊ ነው። አዲሱ ምድጃ ግን በሩ የተዘጋ፣ አየሩ የተመጠነ ስለሆነ የሚወጣው ጭስ ጥቂትና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ያ ጥቂት ጭስ በሰፊው ቀዝቃዛ ጡብ ውስጥ ሲገባ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅጥራን የሚጣበቅ ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። ጥቀርሻው አንድ ቀን ሲያያዝ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ፣ በስንጥቁም ወጥቶ የቤቱን እንጨት ሊያቀጣጥል ይችላል። በ1970ዎቹ ገፍተው ባስቀመጡት ምድጃ የተነሣ ብዙ ቤቶች የተቃጠሉት እንደዚህ ነው።

እናቴ ጥቂት አሰበችና «በሰፊ ወንዝ ውስጥ ጥቂት ውሃ ሲወርድ ደለል እንደሚጥለው ማለት ነው?» አለች። እህቴ ስትተረጉምላት ሴትዮዋ «በትክክል!» ብላ እርሳሷን አስቀመጠች።

መፍትሔው ለጭሱ የራሱን ጠባብ መንገድ መስጠት ነው፤ ይኸውም የማይዝግ ብረት ቱቦ ነው። ሥራው የተጀመረው ከከተማው የሕንፃ ሹም ፈቃድ ከተወሰደ በኋላ ነበር። ወለሉ ላይ ሸራ ተነጠፈ፤ ጭስ ማውጫው በረጅም የሽቦ ቡርሽ ተጠረገ። ከምድጃው ጉሮሮ ላይ የነበረው አሮጌ የብረት ክዳን ተቆርጦ ወጣ። ቱቦው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከምድጃው የጭስ አፍ ጋር ልክ ለልክ የሆነና የሚተጣጠፍ ነው። ሙቀቱ በጡቡ እንዳይበላበት ብርድ ልብስ በመሰለ እሳት በማይበላው ሽፋን ተጠቅልሏል። አንዱ ከጣራ ሆኖ ሲለቅ፣ ሌላው ከታች በገመድ እየሳበ ጭስ ማውጫው ከሚታጠፍበት ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ። እናቴ «በግድ አትጎትቱት፤ ወደ ኋላ መልሱት» አለች ከወንበሯ ሳትነሣ። እነሱም ሳይሰሟት ያንኑ አደረጉ።

ከዚያ ከባዱ የብረት ምድጃ በሳንቃ ላይ እየተንሸራተተ በጡቡ ሆድ ውስጥ ገባ፤ ቱቦውም ከአፉ ጋር በብሎን ተያያዘ። በቱቦው ዙሪያ የቀረው ክፍተት ከታች በቆርቆሮ ተዘጋ፤ አለዚያ ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል። ከላይም በብረት ሳህን ታሽጎ ዝናብና ወፍ የማያስገባ ቆብ ተደረገበት። የጭስ ማውጫው ቁመትም ተለካ። ጣራውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም የጣራ ክፍል ደግሞ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ነፋስ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይነፋዋል። ከምድጃው ፊት ያለው ወለል በድንጋይ ተነጠፈ። ከበላዩ ያለው የእንጨት መደርደሪያም ርቀቱ ተለክቶ የእህቴ አበባ ማስቀመጫ ተነሣ።

ከሁለት ቀን በኋላ የሕንፃ ሹሙ መጥቶ ሥራውን ተመልክቶ ፈረመ። የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ነበር፤ የብረቱ ቀለም እስኪጠነክር ስለሚሸት መስኮት ተከፈተ። ክብሪቱን የጫረችው እናቴ ናት። ከዚያም ነጠላዋን ደርባ ብርዱ ላይ ወጣችና አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ጣራው ተመለከተች። ከቆቡ ስር ስስ ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አየች። ተመልሳ ገብታም ነጯ ሣጥን ሥር ቆማ ጥቂት አዳመጠች። ሣጥኗ ዝም አለች።

«አሁን ልጁን አምጪው» አለች እህቴን።

እሳቱን ማስተዳደር

ምድጃው ተገጠመ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ጠራጊዋ ከመሄዷ በፊት የነገረችንን ለእናንተም ላካፍላችሁ። እንጨቱ ደረቅ ይሁን፤ በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ 20 እጅ ማለፍ የለበትም። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚጨርሰው የራሱን ውሃ በማትነን ነውና ጥቀርሻ ያበዛል። ኦክ የተባለው ጠንካራ እንጨት ተፈልጦ፣ ነፋስ እየመታው እስከ ሁለት ዓመት መቆየት ይሻል። ሌሊቱን እንዲቆይ ብሎ አየሩን ዘግቶ እሳትን ማጨስም ጥቀርሻ መሰብሰብ ነው። አመድ የጠፋ መስሎ ፍም ይዞ ስለሚያድር ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ከቤት ራቅ ተደርጎ ይቀመጣል። ጭስ ማውጫውና ቱቦው ደግሞ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ይጠረጋል።

ወደ ማጀታችን ስንመለስ

ውድ አንባቢያን፤ አብዛኞቻችን የብረት ቱቦ የምናስገጥምበት ጭስ ማውጫም ገንዘብም የለንም። ነገር ግን የእናቴን ጥያቄ እያንዳንዳችን ልንጠይቅ እንችላለን። ጭሱ የት ይሄዳል?

በከሰል ቡና ስታፈሉ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፤ ቢቻል በበረንዳ ወይም በደጅ ይሁን። ፍሙ ስለቀላ ጭሱም ስለጠፋ አደጋው አልፏል አትበሉ። ማንደጃ ያለበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አትተኙ፤ አመድ የለበሰ ፍምም ፍም ነው። አራስ ቤት በከሰል አይሞቅ፤ ሕፃኑን በልብስና በእናቱ ገላ ማሞቅ ይሻላል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ወይም ካዞራቸው ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ወጥተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በእንጨት እንጀራ የምትጋግሩ ደግሞ ማድ ቤታችሁ ከጣራው ሥር የጭስ መውጫ እንዲኖረው አድርጉ። ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ማገዶ ሲቀንስ የሚጨሰውም ይቀንሳል።

እናቴ አሁን ደብረ ብርሃን ናት። ባለፈው ስደውልላት ቡና እያፈላች ነበር፤ ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። በረንዳ ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልላ ነው። በግቢዋ ጓሮ የተከራዩትን ተማሪዎች ማታ ማታ በራቸውን እያንኳኳች «ማንደጃችሁ የት አለ?» ትላቸዋለች አሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ጨቅጫቃ ነች ብለው ይስቁባት ነበር። እሷም አንድ ቀን አስቀምጣ የእነዚያን ሁለት እህትማማቾች ታሪክ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ማንደጃውን ሳትጠይቃቸው ራሳቸው ደጅ አውጥተው ያሳዩዋታል።

ደህና ሰንብቱ።